ሐሳዊ የተባለው ጂን ሥራ ይኖረው ይሆንን?

በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ይኸውም በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ከዋናዎቹ ደብዳቤዎች መካከል አልፎ አልፎ ቁጥር ያልተሰጠው፤ ቀን ያልተጻፈበትና ማኅተም ያላረፈበት ግልባጭ መገኘቱ ነው። ቃሉ ከዋናው ጋር አንድ ነው፤ መልኩም ያንኑ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ማንም ሹም በእርሱ ተመርቶ ሥራ ሊያሠራ አይችልም። መዝገብ ቤቱም አይጥለው፤ አይሠራበት፤ እዚያው ዶሴው ውስጥ አቧራ ለብሶ ይኖራል።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በሰው ሰውነት ውስጥ ስለሚገኝ እንዲህ ስላለ ግልባጭ ነው። ሊቃውንቱ ለብዙ ዘመን «ይህ ከንቱ ነው፤ ጥራጊ ነው» ሲሉት ኖረው፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን «ምናልባት ሥራ ሳይኖረው አይቀርም፤ ሥራውም ከነቀርሳ በሽታ የሚጠብቀን ሊሆን ይችላል» የሚሉ ተነሥተዋል። ሌሎች ደግሞ ይህን አባባል በቀላሉ አይቀበሉም። ነገሩ ለሐኪምም ለታማሚም የሚያስከትለው ስላለ፤ ክርክሩን ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት የሚገባ መስሎ ታይቶናል። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የሰው ሰውነት ሕዋስ፤ በፈረንጅ አጠራር ሴል፤ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ከቀይ የደም ሕዋሳትና ከጥቂት ሌሎች በቀር በእያንዳንዱ ሕዋስ መካከል አስኳል አለ፤ በአስኳሉም ውስጥ 23 ከእናት፤ 23 ከአባት የመጡ በድምሩ 46 ክሮሞሶሞች ይገኛሉ። በክሮሞሶሙ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል ረጅም ፈትል ተጠቅልሏል። በፈትሉ ላይ አራት ዓይነት ፊደላት ብቻ እየተደጋገሙ ተሰድረዋል፤ ከአንዱ ወላጅ የመጣው ብቻ ሲቈጠር እንኳ ሦስት ቢሊዮን ፊደል ያህል ነው። ከሀ እስከ ፐ ያለውን ገበታ በልጅነቱ ያጠና ሰው፤ በአራት ፊደል ብቻ ይህ ሁሉ መጻፉ ሊያስደንቀው ይገባል።

ጂን ማለት ከዚህ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ለብቻው አንድ ትእዛዝ የያዘ ክፍል ነው። ትእዛዙም በአብዛኛው «ይህን ፕሮቲን ሥሩ» የሚል ነው። ዋናው መዝገብ ከመዝገብ ቤት እንደማይወጣ ሁሉ ዋናው ጽሑፍም ከአስኳሉ አይወጣም። ሥራ ሲፈለግ ግልባጭ ይጻፋል፤ ግልባጩ አር.ኤን.ኤ. ይባላል፤ ከአስኳል ወጥቶ ወደ ሥራው ቦታ ይሄዳል፤ በዚያም ያሉት ፕሮቲን ሠሪዎች ከመጀመሪያው ምልክት አንሥተው እያነበቡ የታዘዘውን ይሠራሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በአብዛኞቹ የሰው ጂኖች ዘንድ ዋናው ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ አይደለም፤ በመካከሉ ኢንትሮን የሚባሉ፤ ለፕሮቲኑ ሥራ የማይፈለጉ ረጃጅም ክፍሎች ጣልቃ ገብተውበታል። ግልባጩ ሲዘጋጅ እነዚያ ተቈርጠው ይወጡና የቀረው እርስ በርሱ ይጋጠማል። ወደዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ስለምንመለስበት አድማጮች እንዳይረሱት እንለምናለን።

ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያዙት የሰው ጂኖች 20,000 ያህል ናቸው። ከእነርሱ ጋር ጂን የሚመስሉ፤ ነገር ግን ትእዛዛቸው የተበላሸ ሌሎች 14,000 ያህል ክፍሎች ተቈጥረዋል። «ሐሳዊ ጂን» የተባሉት እነዚህ ናቸው። ስሙ የወጣው በ1977 ዓ.ም. ሲሆን፤ ያወጡትም በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ይሠሩ የነበሩት ዣክ፣ ሚለርና ብራውንሊ ናቸው፤ ያገኙትም በሰው ላይ ሳይሆን በአንድ የአፍሪቃ እንቁራሪት ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ነበር። «ፕሴውዶ» የሚለው የግሪክ ቃል ሐሰት ማለት ነው፤ በእኛም ዘንድ «ሐሳዊ መሲሕ» የሚለውን ያልሰማ ስለሌለ ትርጕሙ ለማንም አይቸግርም። ሆኖም ስሙ ጥቂት የከበደበት ይመስለናል፤ ይህ ጂን ሰውን ያታለለበት ጊዜ የለምና። ካታለለም ያታለለው የላቦራቶር ሠራተኞችን ነው፤ እርሱንም ወደ ኋላ እናነሣዋለን። ከዚያም አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፤ በ1972 ዓ.ም. በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ሊቅ ሱሱሙ ኦኖ፤ ትእዛዝ የማይሰጠውን የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል ሁሉ «ጥራጊ» ብሎ ስለ ጠራው፤ ሐሳዊ ጂኖችም በዚሁ ስም ሥር ተጠቃለው ብዙ ጊዜ ያለ ተመልካች ቀርተዋል።

ሐሳዊ ጂን የሚገኝበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ አንድ ጂን በክሮሞሶሙ ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፍና አንደኛው ሥራውን ሲቀጥል ሁለተኛው በዘመን ብዛት ይበላሻል። አንዳንድ ጊዜም ምትክ የሌለው ብቸኛ ጂን ይበላሻል። የዚህኛው ምሳሌ ሁላችንንም የሚነካ ነው። ውሻና ላም፣ አይጥና ድመት ቪታሚን ሲን በገዛ ጉበታቸው ይሠራሉ፤ ሰው፣ ዝንጀሮና ጦጣ ግን አይችሉም፤ ለመጨረሻው የሥራ ደረጃ የሚያስፈልገው ጂን እጅግ በራቀ ዘመን ስለ ተበላሸባቸው ነው። በ1747 ዓ.ም. የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ጄምስ ሊንድ፤ ድዳቸው እየደማ ጕልበታቸው እየደከመ የሚሞቱትን መርከበኞች ብርቱካንና ሎሚ እንደሚያድናቸው ሲፈትን፤ የሚታገለው ከአንድ የተበላሸ ጂን ጋር መሆኑን ሊያውቅ አይችልም ነበር። የዚያ ጂን ስብርባሪ በ8ኛው የሰው ክሮሞሶም ላይ እንዳለ የጃፓን ሊቃውንት በ1994 ዓ.ም. አሳይተዋል። የሞተ ነገር የሞተ ነውና በዚህኛው ላይ ብዙ ክርክር የለም።

ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ሦስተኛው መንገድ ነው። ከዋናው ጽሑፍ የተወሰደው ግልባጭ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ተቀድዶ መቅረት ሲገባው፤ ተመልሶ ወደ መዝገብ ቤቱ ይገባና በሌላ ክሮሞሶም ላይ እንደ ዋና ጽሑፍ ይለጠፋል። ይህን የሚያደርገው በዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ ራሱን እያባዛ የሚዘዋወር «ላይን አንድ» የሚባል ክፍል ሲሆን፤ መሣሪያው አር.ኤን.ኤ.ን መልሶ ወደ ዲ.ኤን.ኤ. የሚጽፍ ነው። ነገሩ ለዘር በሚሆኑት ሕዋሳት ውስጥ ከደረሰ ከወላጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ይኖራል። ከሰው ሐሳዊ ጂኖች የሚበዙት የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። በምን ይታወቃሉ ቢባል፤ ከግልባጭ የተገለበጡ ስለ ሆኑ በመካከላቸው ኢንትሮን የላቸውም።

እንግዲህ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ግልባጭና ስለ ዋናው እንናገር።

በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ እየሠራ፤ በ10ኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ ጂን አገኙ። በአንጎል፣ በጡትና በፕሮስቴት ነቀርሳ ከታመሙ ሰዎች የተወሰደው ዕጢ ሲመረመር ይህ ጂን ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ወይም ተበላሽቶ ይገኝ ነበር። ስሙም ፒቴን ተባለ። ፒቴን የሚያሠራው ፕሮቲን 403 አሚኖ አሲዶች የተሰካኩበት ሲሆን፤ ተግባሩ እንደ መኪና ፍሬን ነው። ሕዋስ ከውጭ «እደግ፤ ተባዛ» የሚል መልእክት ሲደርሰው፤ በሽፋኑ ላይ ባለ አንድ ዓይነት ስብ ላይ ፎስፌት የሚባል ነገር ይለጠፍበታል፤ ያም እስካለ ድረስ ሕዋሱ ማደጉን አያቋርጥም። ፒቴን ፎስፌቱን እያነሣ መልእክቱን ያበርዳል። ይህንም በ1998 ዓ.ም. ማየሃማና ዲክሰን የተባሉት ተመራማሪዎች በግልጥ አስረድተዋል።

የፍሬኑ ነገር ደግሞ አለ ወይም የለም በማለት ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ልኩም ያስፈልጋል። በ2010 ዓ.ም. በወጣ አንድ የምርምር ጽሑፍ እንደ ተገለጠው፤ የፒቴናቸው መጠን ከተለመደው 80 በመቶ ብቻ እንዲሆን የተደረጉ አይጦች፤ ጂናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ መጠኑ ጥቂት በመጕደሉ ብቻ ዕጢ ያወጡ ጀመር፤ በእንስቶቹም ላይ በተለይ በጡታቸው ታየ። እንግዲህ ሙሉው ሳይሆን አንድ አምስተኛው ሲጐድል ይህን ያህል ጉዳት ከደረሰ፤ የፒቴንን መጠን ጥቂት ከፍ ወይም ጥቂት ዝቅ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ሊናቅ አይገባውም ማለት ነው። በሰውም በኩል፤ ከወላጁ የተበላሸ ፒቴን የወረሰ ሰው «ካውደን» በሚባል ሕመም ይያዛል፤ ስሙም በ1963 ዓ.ም. ሕመሙ በጽሑፍ ሲገለጥ ከተጠቀሰችው ታማሚ ቤተ ሰብ የተወሰደ ነው። በፊቱና በአፉ ውስጥ ትናንሽ እብጠቶች ይወጡበታል፤ የጡት፣ የማኅፀንና እንቅርት በሚወጣበት ስፍራ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ነቀርሳ የማግኘት አደጋውም ከሌላው ሰው እጅግ የበለጠ ነው።

ፒቴን ከተገኘ ከአንድ ዓመት በኋላ፤ በ1998 ዓ.ም. በ9ኛው ክሮሞሶም ላይ አምሳያው ተገኘ። ጽሑፉ ከፊደል ወደ ፊደል ሲነጻጸር፤ ፕሮቲን በሚያሠራው ክፍል ላይ ልዩነቱ በጣት የሚቈጠር ያህል ነበር። ዋናው ፒቴን በኢንትሮኖች ተከፋፍሎ በዘጠኝ ቍራጭ ሲጻፍ፤ አምሳያው ግን አንድ ወጥ ነው፤ ግልባጭነቱም በዚህ ታወቀ። ፒቴን ፒ አንድ አሉት። ቀኑና ማኅተሙ የሌለበት መሆኑ ምኑ ላይ ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፤ «ንባብ ከዚህ ይጀምራል» የሚለው የመጀመሪያው ምልክት ተለውጦበታል። ቁም ጸሐፊ አንዲት ፊደል ገድፎ የመጽሐፉን ትርጕም እንደሚያበላሸው፤ በዚህችም ስፍራ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ፕሮቲን ሠሪዎቹ መግቢያውን አጡ። ስለዚህ አር.ኤን.ኤ. ይጻፍለታል፤ ከአስኳልም ይወጣል፤ ፕሮቲን ግን አይሠራበትም። ተመራማሪዎቹም ለዐሥር ዓመት ያህል ያዩት እንደ መሰናክል ብቻ ነበር።

አሁን ስለ ሦስተኛው የነገሩ ባለቤት ጥቂት ቃል መናገር ያሻል። በ1993 ዓ.ም. ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን በአንዲት ጥቃቅን ትል ላይ ሲመራመሩ፤ 22 ፊደል ያህል ርዝመት ብቻ ያለው፤ ፕሮቲን የማያሠራ አር.ኤን.ኤ. የሌላውን ጂን ግልባጭ ይዞ ሥራ እንደሚያስፈታው ደረሱበት። በመጀመሪያ የትል ጠባይ ነው ተብሎ ቸል ተብሎ ነበር፤ ኋላ ግን በሰውም በእንስሳም ውስጥ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ እንዳሉ ታወቀ፤ ሁለቱም ሰዎች በ2024 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. የሚባለው ይህ ነው። ሥራውም በግልባጮች ግርጌ ላይ ያለውን ጽሑፍ እየተመለከተ፤ ከራሱ ፊደል ጋር የሚገጥመውን ካገኘ ይዞ ማስቀረት ወይም ማስቀደድ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እናቅርበው። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትእዛዝ በየክፍሉ እንዳይከማች ተብሎ፤ በግርጌው የተወሰነ ምልክት ያለበትን ወረቀት ሁሉ እየሰበሰቡ እንዲቀዱ የተመደቡ ተላላኪዎች አሉ እንበል። ተላላኪዎቹ የትእዛዙን ፍሬ ነገር አያነቡም፤ ግርጌውን ብቻ ያያሉ። እንግዲህ ዋናው ትእዛዝ መቶ ወረቀት ሆኖ ቢበተን፤ ተላላኪዎቹ በቀን ሃምሳ ቢቀዱ፤ የቀረው ሃምሳ ሥራ ያሠራል። በዚያው ላይ ግን ቁጥርና ማኅተም የሌለበት፤ ግርጌው ግን ያንኑ ምልክት የያዘ ሌላ መቶ ወረቀት ቢጨመርበት፤ ተላላኪዎቹ ሁለቱን ስለማይለዩ ጕልበታቸውን እኩሌታ በከንቱው ግልባጭ ላይ ያጠፋሉ፤ ከዋናው የሚቀደደውም ሃያ አምስት ብቻ ይሆናል። ከንቱው ወረቀት አንድም ሥራ ሳያሠራ፤ ዋናው ትእዛዝ እንዲፈጸም ረዳ ማለት ነው። ይህ የሚያስቅ ቢመስል፤ በሥራ ዓለም ረጅም ዘመን የቈየ ሰው የሚመሳሰል ነገር አላየሁም ብሎ የሚምል አይመስለንም።

በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በፒየር ፓኦሎ ፓንዶልፊ ላቦራቶር የሚሠሩት ላውራ ፖሊሴኖና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት አሳብ ይኸው ነበር። የፒቴን ፒ አንድ ግርጌ ከፒቴን ግርጌ አጠር ያለ ቢሆንም፤ በሚመሳሰሉበት ክፍል ላይ ፒቴንን የሚይዙት ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.ዎች የሚያርፉባቸው ቦታዎች ሳይበላሹ ተጠብቀው ተገኙ። የንባቡ መግቢያ ጠፍቶ ግርጌው መትረፉ አጠራጣሪ ነገር ሆነባቸውና ፈተናውን ቀጠሉ። ከፕሮስቴት ነቀርሳ በተወሰዱ ሕዋሳት ውስጥ የሐሳዊውን ጂን ግርጌ አብዝተው ቢጨምሩ የፒቴን መጠን ከፍ አለ፤ የሕዋሳቱም መባዛት ቀነሰ። በተቃራኒው ሕዋሱ በገዛ ራሱ የሚያወጣውን የሐሳዊውን ጂን አር.ኤን.ኤ. ቢያጠፉ ፒቴን ዝቅ አለ፤ ሕዋሳቱም ይበልጥ ተባዙ። የኋለኛው ፈተና ከፊተኛው ይልቅ የሚከብድ ነው፤ ከውጭ ያልተጨመረበት፤ ሕዋሱ በገዛ መጠኑ ያለውን ነገር የሚጠይቅ ነውና።

የነገሩ ምክንያት በእርግጥ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. መሆኑንስ በምን አወቁ? እነዚህን ጥቃቅን አር.ኤን.ኤ.ዎች ለክቶ የሚቈርጠው ዳይሰር የሚባለው መሣሪያ የተበላሸባቸውን ሕዋሳት ወስደው ያንኑ ፈተና ደገሙት፤ ተላላኪዎቹ በሌሉበትም ከንቱው ወረቀት ምንም ለውጥ አላመጣም። በዚህም ላይ በአንዳንድ የአንጀት ነቀርሳ ታማሚዎች ዕጢ ውስጥ ሐሳዊው ጂን ያለበት የ9ኛው ክሮሞሶም ክፍል ጐድሎ መገኘቱን ጨምረው አመለከቱ። ነቀርሳው ዋናውን ፍሬን ሳይነካ የፍሬኑን ረዳት ይጥላል ማለት ይሆን? እነርሱ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ኬ ራስ የሚባለውም የነቀርሳ ጂን ከራሱ ሐሳዊ አምሳያ ጋር የሚመሳሰል ግንኙነት እንዳለው በዚያው ጽሑፍ ጠቀሱ፤ በማግሥቱም ዓመት አሳቡን አስፍተው፤ በሕዋስ ውስጥ ያሉ አር.ኤን.ኤ.ዎች ሁሉ በማይክሮ አር.ኤን.ኤ.ዎች ላይ እየተሻሙ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ የሚል ትምህርት አወጡ።

አሳቡ ያማረ ነው። ያማረ አሳብ ሁሉ ግን እውነት አይደለም፤ በዚሁ በሐሳዊ ጂን ነገር ቀደም ብሎ የደረሰ አንድ ኀፍረት አለ። በ2003 ዓ.ም. ሺንጂ ሂሮትሱኔና ባልደረቦቻቸው «ማኮሪን» የተባለው የአይጥ ጂን ሐሳዊ አምሳያ ዋናውን ከመቀደድ እንደሚጠብቀው፤ አምሳያው ሲጠፋም አይጦቹ አጥንታቸውና ኵላሊታቸው ተበላሽቶ እንደሚሞቱ ጽፈው የዓለምን ጋዜጦች አስጮኹ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2006 ዓ.ም. ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን እንደ ገና ቢመረምሩት፤ የሐሳዊው ጂን ነው የተባለው አር.ኤን.ኤ. ከዋናው ጂን የወጣ ሆኖ ተገኘ፤ ሐሳዊው ዝም ያለ ነበር። እንግዲህ ዋናና ግልባጭ እጅግ ሲመሳሰሉ የቱ እንደ ተናገረ መለየት ለሊቃውንትም ይቸግራል።

በፒቴን ፒ አንድ ላይ የሚነሣው ክርክር ግን ሌላ ነው፤ የቁጥር ክርክር ነው። ወደ ምሳሌያችን ብንመለስ፤ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያንኑ የግርጌ ምልክት የያዙ ወረቀቶች የሁለቱ ብቻ ቢሆኑ ነገሩ እንዳልነው ይሆናል። ዳሩ ግን አንድ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. የሚያርፍባቸው ግልባጮች በመቶ የሚቈጠሩ ልዩ ልዩ ጂኖች ናቸው። በዚያ ሁሉ የወረቀት ክምር ላይ ጥቂት እፍኝ ወረቀት ቢጨመር ተላላኪዎቹ ልብ ይሉታልን? በ2014 ዓ.ም. ዴንዝለር፣ ባርቴል፣ ስቶፈልና ጓደኞቻቸው በጉበት ሕዋሳት ላይ በሠሩት ልኬት፤ አንድ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ከሥራው የሚዘናጋው በአንድ ሕዋስ ውስጥ ከ100,000 በላይ የሚቈጠሩ ተጨማሪ ማረፊያዎች ሲገቡ ነው የሚል መልስ አገኙ። ይህ ደግሞ አንድ ተራ ጂን በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ከሚያወጣው እጅግ የራቀ ነው። በእኛ በኩል ይህን ተቃውሞ ቀላል አድርገን አናየውም። ሆኖም ልኬቱ የተደረገው በሌላ ሕዋስና በሌላ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ላይ ስለ ሆነ፤ የቦስተኖቹን ሁለተኛ ፈተና፤ ማለት የሕዋሱን የራሱን ግልባጭ ያጠፉበትን፤ በቀጥታ አላፈረሰውም።

በመካከሉም በ2013 ዓ.ም. ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበ ሌላ ግኝት ወጣ። ዮንሶንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፤ ከዚሁ ከሐሳዊው ጂን ቦታ በተቃራኒው አቅጣጫ እየተነበበ የሚጻፍ ሌላ አር.ኤን.ኤ. አለ፤ እርሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሐሳዊው ጂን ግልባጭ ጋር ተጣምሮ እንዳይጠፋ ይደግፈዋል፤ ይህም በፊት ከተባለው ጋር ይስማማል። ሁለተኛው ግን ወደ 10ኛው ክሮሞሶም ሄዶ በዋናው ፒቴን መግቢያ ላይ ያርፍና፤ ጂን የሚዘጉትን ፕሮቲኖች ጠርቶ ያዘጋዋል። ስለዚህ ይህ «ሙት» የተባለው ግልባጭ በአንድ እጁ ዋናውን ሲረዳ በሌላ እጁ ያፍነዋል ማለት ነው፤ በየትኛው ሕዋስ የትኛው እጅ እንደሚበረታም ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ይለያያል። እንዲህ ያለውን ነገር ረዳት ወይም ጠላት ብሎ በአንድ ቃል መሰየም አይቻልም፤ በጋዜጣ ላይ «ከነቀርሳ የሚያድን ጥራጊ ተገኘ» ተብሎ የተጻፈውም የቸኰለ ነበር።

ክርክሩ በዚህ ሲቀጥል ሐኪም ቤት ያለው ጉዳይ ግን ሊቃውንቱ እስኪስማሙ የሚጠብቅ አይደለም። አንዲት ሴት እናቷና እኅቷ በጡት ነቀርሳ ሞተውባት፤ በፊቷም ላይ የካውደን ሕመም የሚመስል እብጠት ታይቶ ወደ ምርመራ ትመጣለች እንበል። ሐኪሙ ፒቴኗ ደኅና መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ይፈልጋል። የላቦራቶሩ ሰው ከደሟ አር.ኤን.ኤ. ወስዶ፤ ወደ ዲ.ኤን.ኤ. መልሶ፤ የፒቴንን ጽሑፍ አባዝቶ ቢያነብ፤ ሳያስበው የሐሳዊው ጂን ግልባጭ አብሮ ሊባዛ ይችላል። በሐሳዊው ላይ በተፈጥሮ ያለው የፊደል ልዩነትም በሴትዮዋ ፒቴን ላይ የተገኘ ጉድለት መስሎ ይታያል። ጤናማ ሰው በሽተኛ ትባላለች፤ ምናልባትም ደኅና ጡቷንና ማኅፀኗን ለማስወጣት ትወስን ይሆናል፤ ልጆቿም በስጋት ይኖራሉ። የተገላቢጦሹም አለ፤ በዋናው ላይ ያለው እውነተኛ ጉድለት በሐሳዊው ደኅና ፊደል ተሸፍኖ ሊያመልጥና ጤናማ ነሽ ተብላ ልትሰናበት ትችላለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዕጢዎች ላይ ተገኘ ተብሎ የተጻፈው የፒቴን ጉድለት አንዳንዱ በእርግጥ ከሐሳዊው ጂን የተቀዳ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የተጠረጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ የላቦራቶር ሰዎችን አታለለ ያልነውም ይህን ነው።

መፍትሔውስ? በመጀመሪያ አስታውሱልን ያልነው ኢንትሮን እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጽሑፉ ሲባዛ ከየት እስከ የት እንደሚባዛ የሚወስኑት ከሁለቱ ዳር የሚጣበቁ አጫጭር የዲ.ኤን.ኤ. ቍራጮች ናቸው። እነዚህን ቍራጮች ዘጠኙን የፒቴን ክፍሎች ከሚለያዩት ኢንትሮኖች ላይ እንዲጣበቁ አድርጎ ያዘጋጀ፤ መነሻውንም አር.ኤን.ኤ. ሳይሆን ዋናውን ዲ.ኤን.ኤ. ያደረገ ባለሙያ፤ የሚያነብበው ዋናውን ብቻ ነው፤ ሐሳዊው ኢንትሮን ስለሌለው ቍራጮቹ የሚጣበቁበት ስፍራ አያገኙምና። ዲ.ኤን.ኤ.ውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር በአጫጭር ቍራጭ በሚያነበው በአሁኑ መሣሪያ የሚሠሩ ላቦራቶሮችም፤ በፒቴን ላይ ጉድለት ያዩ ሲመስላቸው ውጤቱን ለሐኪሙ ከመላካቸው በፊት በዚሁ ዘዴ ዳግመኛ ያረጋግጡታል።